የኮሌታ እድፍ

ያሸነፈ ሰው አላምንም። የተሸነፈ ቢያንስ የት ላይ እንዳጠፋ ሲያብሰለስል ያድራል፤ ያሸነፈ ግን ጥፋቱንም እንደ ብልሃት ቆጥሮ ተዘርግቶ ይተኛል። ይህን ከመጻሕፍት አልተማርኩትም። ስለ ወደቁ ነገሥታትና ስለ ከሰሩ ነጋዴዎች እንደ አቅሜ አንብቤያለሁ፤ ሁሉንም ሳነብ «እኔ ብሆን ኖሮ» እያልኩ ስለነበር ምንም አልጠቀመኝም። የተማርኩት ቡራዩ ውስጥ፣ ሃምሳን ልደፍን ጥቂት ሲቀረኝ፣ የጤና ቡድን ተጠባባቂ በረኛ ሆኜ ነው።

የጤና ቡድን ማለት ሐኪም «ስኳርህ ጨምሯል፤ ተንቀሳቀስ» ያላቸው ጎልማሶች እሁድ ጠዋት ተሰብስበው ጉልበታቸውን የሚያስቀይሙበት ማኅበር ነው። ሊቀመንበር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ማኅተም አለው፤ ኳስ ደግሞ አንዳንዴ አለው። የእኛ ቡድን ግማሹ አባቶቻቸው ዛሬ ሜዳው ባለበት ቦታ ጤፍ ይዘሩ የነበሩ የቡራዩ ልጆች ናቸው፤ ግማሻችን የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ ገፍቶ ገፍቶ እዚህ ያደረሰን ነን። ሜዳ ላይ በሁለት ቋንቋ እንጨቃጨቃለን። ስንሸነፍ ሁለቱም ያጥሩናል።

አሰልጣኛችን ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ልጅ ሳሉ በእሳቸው ፉጨት የሮጡ ናቸው፤ ዛሬም ሁላችንን «ኢጆሌ» ይሉናል፣ ልጆች ማለታቸው ነው። ፀጉሩ የሸሸና ሆዱ የቀደመ ሰው «ኢጆሌ፣ ፊጋ»፣ ሩጡ፣ ሲባል እንደ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ደንግጦ ይሮጣል። የፈለገ ሹመት ያለው ሰው እሳቸው ፊት ሲደርስ ቁምጣ የለበሰ ተማሪ ነው።

እኚህ ሰው አንድ ሕግ ነበራቸው። እሁድ መጨረሻ የደረሰ ሰው የቡድኑን ማሊያ በሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ በገዛ እጁ አጥቦ በሚቀጥለው እሁድ ይመልሳል። ሚስት አትነካውም፣ ሠራተኛ አትነካውም፣ ማሽን አይነካውም። ለሌላ ሰው ያሳጠበ ከዋንጫ ጨዋታ ይታገዳል። ለምን ተብለው ሲጠየቁ፣ «የጠገበ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ትንሿን ሥራ ነው። ትልቁን እስኪተው የሚጠብቅ አሰልጣኝ ዕውር ነው» ይላሉ።

ሕጉ መጣሱን እንዴት ያውቃሉ? እሁድ ጠዋት ከረጢቱን ይፈቱና አንድ ማሊያ መዘው ኮሌታውን ገልብጠው ወደ ዓይናቸው ያስጠጋሉ። ወንድ ያጠበው ኮሌታ እድፍ ይቀረዋል ብለው ያምናሉ። ብብቱ ላይ ሳሙና ይደርቅበታል፤ ጭምቀቱ ግማሽ ስለሆነ ጫፉ ይሸታል። እድፉን ሲያዩ ግንባራቸው ይፈታል። «ይህን ያጠበው ሰው ነው» ይላሉ፤ ምስጋና መሆኑ ነው። ለሦስት ዓመት ያህል ቆሻሻ ኮሌታ ለብሰን እየተመሰገንን ኖርን። ያኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁላችንም በእጃችን እናጥብ ነበር።

ከዚያ አሸነፍን።

የሰበታ፣ የሱሉልታና የቡራዩ ጤና ቡድኖች በየዓመቱ ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ዋንጫ እንሻማለን። ደንቡ አርባ አምስት ዓመት ያልሞላው አይጫወትም ይላል። በዚህ አገር በታዳጊዎች ጨዋታ ዕድሜ ይቀነሳል፤ በእኛ ይጨመራል። የሰበታው አጥቂ ሠላሳ አምስት እንኳ የሞላው አይመስለኝም፤ በየዓመቱ ለውድድሩ ብሎ ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ይላጫል፣ በራ እንዲመስል። ስንጠይቀው «ሐሳብ ነው የጨረሰኝ» ይላል። ለነገሩ የእኛም አማካይ መታወቂያው ላይ ከታላቅ ወንድሙ በሁለት ዓመት ይበልጣል።

ባለፈው ዓመት ለፍጻሜ የደረስነው ከሱሉልታ ጋር፣ እዚያው ሱሉልታ፣ ጣት በሚያቆረፍድ ብርድ ነበር። ከሜዳው ዳር ሯጮች በጭጋጉ ውስጥ ብቅ እያሉ ይጠፋሉ፤ እኛን አይተው የሳቁ መሰለኝ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የማዕዘን ምት አገኘን። ግራ ተከላካያችን፣ በሥራው ብረት በያጅ የሆነው ሰውዬ፣ ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቶ ከመስመር ዳኛው ጋር ይከራከር ነበር። ኳሷ መጥታ ተረከዙን መታችውና ገባች። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እሱ ጎል መግባቱን ያወቀው ሰው ሲያቅፈው ነው፤ ሊደበድቡት የመጡ መስሎት እጁን አንስቶም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አዲሱ ገበያ ሳንደርስ ጎሏ «አስቦ ያገባት» ሆነች። አስኮ ስንደርስ «ተለማምደናታል» ሆነች። ቡራዩ ስንገባ ሊቀመንበሩ በመኪናው መስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «በጥናት የተገኘ ድል» እያለ ይጮህ ነበር። ጥርጣሬዬ ከዚያች መስኮት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሜዳው ጀርባ ዳገት አለ፤ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት ላዩ ላይ እስካሉት ባሕር ዛፎች ሮጠን እንመለስ ነበር። ከድሉ በኋላ ባሕር ዛፎቹ ራቁ መሰለኝ፣ ሰው ከመንገድ ላይ ካለው ድንጋይ መመለስ ጀመረ። ከወር በኋላ ድንጋዩም ራቀ። ዋንጫው ሊቀመንበሩ ሱቅ ውስጥ በዘይት ጀሪካንና በፓስታ ካርቶን መካከል ተቀመጠ፤ ደንበኛ ስኳር ሲጠይቅ መጀመሪያ ዋንጫውን ያሳየዋል። ጀርባው ላይ «ሻምፒዮን» የሚል ቱታ ተሰፋ። በያጁ ማሟሟቂያ ላይ «እኔ እንኳ የግጥሚያ ሰው ነኝ» ብሎ ጥግ ይዞ መቆም ጀመረ። ያንን ተረከዝ ታቦት አደረገው።

አሰልጣኙ ይህን ሁሉ ያያሉ። አንድ ቀን ወደ ጥግ ወሰዱኝና፣ «አንተ ሰው ስታይ መጀመሪያ ክፉውን ታስባለህ» አሉኝ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«አልተቆጣሁም። ለሥራ ፈልጌህ ነው። ታዛቢ ሁንልኝ። ማን እንደጠገበ ጠብቀህ ንገረኝ።»

ለሰው ልጅ ከዚህ የበለጠ አደገኛ ሹመት የለም። ሌላውን እንድጠረጥር ማኅተም የተመታበት ፈቃድ ተሰጠኝ። ራሴን ስለመጠርጠር የተባለ ነገር አልነበረም።

ግንቦት ላይ አንድ እሁድ ዋናው በረኛችን መጨረሻ ደረሰ። ከቡራዩ መርካቶ የሚጭን የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከሁላችንም ይልቅ ሥራውን የሚያውቅ። ጎማ ፈንድቶበት ነበር። ከረጢቱን ያለ ቃል ተሸክሞ ሄደ። በሳምንቱ አሰልጣኙ ከረጢቱን ሲፈቱ ማሊያዎቹ በቁጥር ቅደም ተከተል ተጣጥፈው፣ ተተኩሰው፣ እንደ አዲስ የክርስትና ልብስ ተደርድረው ተገኙ። አንዱን መዘው ኮሌታውን ገለበጡት። ነጭ ነው። ሌላ መዘዙ። እሱም ነጭ ነው።

«ይህን ማን አጠበው?»

«እኔ።»

«አንተ።»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ካውያውስ?»

«እኔው ነኝ።»

በያጁ ከኋላ፣ «በሉ እኔ ሚስቴን ፈትቼ ይህን ሰውዬ ላግባ» አለ። ሁሉም ሳቀ። አሰልጣኙ አልሳቁም።

«አራት ዓመት ወንድ ያጠበውን ኮሌታ ሳይ ኖሬአለሁ» አሉ። «ይህ የወንድ እጅ አይደለም። የዘንድሮው ዋንጫ ከሰበታ ጋር ነው፤ ከእሱ ወጥተሃል።»

ሹፌሩ የተገለበጠውን ማሊያ መልሶ አጠፈው። «ቤቴ ይምጡና ሳጥብ ይዩኝ» አለ።

«ሰው እያየው የሚሠራ ሥራ ሥራ አይደለም፤ ትያትር ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰበታ ላይ በሩን አንተ ትይዛለህ።»

ያን ቀን የተሰማኝን ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ። ስድስት ዓመት ተጠባባቂ ነበርኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ በግጥሚያ የተሰለፍኩት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ በአሥራ አንዱ ደቂቃ ኳስ የነካኝ አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ከውጭ ሲወረውሩልኝ። አሁን ዋና በረኛ ሆንኩ። ሹፌሩ ዋሽቷል ብዬ ወዲያው አመንኩ። ሌላ ጊዜ ፀሐይ በምሥራቅ ወጣች ሲባል የምጠራጠር ሰው፣ ይህን ግን ምስክር ሳልጠይቅ ተቀበልኩ። ጥርጣሬ ከጥቅም ጋር ሲገጥም ማስረጃ አያስፈልገውም።

በሚቀጥለው እሁድ መጨረሻ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። አስቡት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ምናልባት አንዱ ቢታመም ብዬ፣ ከሁሉ ቀድሜ ስደርስ ኖሬ ቦታው የእኔ በሆነ በሳምንቱ አልጋዬ ሞቀኝ። ከረጢቱን ተሸክሜ ቤት ገባሁ። በዚያ ሳምንት ለአንድ መጽሔት የምጨርሰው ጽሑፍ ነበረብኝ፤ ስለ ስንፍና ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ወደ ግቢያችን የምትመጣ ልብስ አጣቢ አለች፣ ሠፈሩን ሁሉ እየዞረች የምታጥብ፣ አንደበቷ የማያርፍ ሴት። ሳፋዋ አጠገብ ከረጢቱን አስቀመጥኩላትና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ይህን ደግሞ... ስታጥቢው...»

«ኮሌታውን ተይው ልትለኝ ነው» አለች ቀና ሳትል።

«እንዴት?»

«ኮሌታውን ብዙ አትሺው፣ ብብቱ ላይ ሳሙና ይቅር፣ ስትጨምቂ እንደ ወንድ ጭመቂ። ይኸው አይደል? አምስተኛው አንተ ነህ፣ ጋሼ።»

ቆሜ ቀረሁ። እሷ ግን ወሬው ጣፍጧታል።

«እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ሰው አጽጂልኝ ይላል፤ እናንተ አቆሽሺልኝ ትላላችሁ። እጄ ደግሞ እንቢ ይለኛል። ሳላስበው ኮሌታውን ጥርት አድርጌ እጨርስና ትዝ ሲለኝ መልሼ አመድ አስነካዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዋንጫውን ከበላችሁ ወዲህ ነው እንጂ። መጀመሪያ ባለሱቁ መጣ፣ ሊቀመንበራችሁ። ቀጥሎ በያጁ። ከዚያ እናንተ ዘንድ የሚጫወቱት ሁለት ወንድማማቾች።»

«ሹፌሩስ? እሱ ስንተኛ ነው?»

እጇን ከአረፋው አውጥታ አየችኝ። «እሱማ ምን ያሳጥባል? የሴት ልጆቹን ዩኒፎርም ሲያጥብ ስንት ዓመቱ። እናታቸው ሰንዳፋ በኩል ጤና ጣቢያ አይደል የምትሠራው፤ በአሥራ አምስት ቀን ነው ብቅ የምትል። አንዴ መንገድ ላይ አስቁሞኝ የኮሌታ እድፍ በምን ይለቃል አለኝ። ሳሙና ቀብተህ ለብቻው ዘፍዝፈው፣ በጉልበት አትሸው አልኩት። አሁን ከእኔ ይሻላል። አይ፣ ከእኔስ አይሻልም። ግን ያምርበታል።»

ነገሩ በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። የታገደው አንድ ሰው ነው፤ የታገደውም ሥራውን ከእኛ ሁሉ የተሻለ ስለሠራው ነው። ሰውየው በአራት ዓመት ውስጥ ማጠብ ተማረ። እኛ ማቆሸሽ ተማርን። አሰልጣኙ ደግሞ ጥጋብን ሲያድኑ መሻሻልን ያዙ።

ምን አደረግሁ? የቡድኑን ጥቅም አሰብኩ። የቡድንን ጥቅም የሚያስብ ሰው ስታዩ ምን እየደበቀ እንደሆነ ጠይቁ። እውነቱን ብናገር አምስት ሰው ይታገዳል፤ ሊቀመንበሩ ይዋረዳል፤ አሰልጣኙ ያዝናሉ፤ በሩም ወደ ሹፌሩ ይመለሳል። የመጨረሻዋን ምክንያት ከሌሎቹ ኋላ እደብቃታለሁ፤ እሷ ግን ዞራ ዞራ ፊት ትመጣለች። አጣቢዋን «እንዳልሽው አድርጊው» አልኳት። እሁድ አሰልጣኙ የእኔን ከረጢት ፈቱ፣ አመድ የነካውን ኮሌታ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ግንባራቸው ተፈታ።

«ይህን ያጠበው ሰው ነው።» ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «ታዛቢ፣ ምን አየህ?»

«ደህና ነን፣ ጋሼ።»

በያጁ ከሩቅ ጠቀሰኝ። ያቺ ጥቅሻ ማኅበር ውስጥ ማኅበር እንዳለና እኔም እንደገባሁበት ነገረችኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ወደ ከተማ ስወርድ የገባሁበት ሚኒባስ የሹፌሩ ሆኖ ተገኘ። ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። አስኮ እስክንደርስ ስለ መንገዱ ቁፋሮ ብቻ አወራን።

«ልምምድ አትቀርም» አልኩት በመጨረሻ። «ብትታገድም ትመጣለህ።»

«የታገድኩት ከጨዋታው ነው እንጂ ከዳገቱ አይደለም።»

እውነቱን ነው። እስከ ባሕር ዛፎቹ የሚሮጠው እሱ ብቻ ነበር።

«አንተ ታዛቢ አይደለህ?» አለኝ መሪውን እያዞረ። «ለምን ቤት መጥተህ አትታዘበኝም? ቅዳሜ ከሰዓት ሁሌ ሳፋ ላይ ነኝ። ውኃ ካለ ማለቴ ነው።»

«እመጣለሁ።»

«ካልመጣህም ገብቶኛል።» ፈገግ ብሎ ተሳፋሪ ሊያወርድ ጥግ ያዘ። ምን እንደገባው አልነገረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ያውቅብኛል እያልኩ መብሰልሰል ጀመርኩ፤ ሰላምታውን፣ ዝምታውን፣ የመኪናውን ጥሩምባ ሳይቀር ተረጎምኩ። ቅዳሜ ግን አልሄድኩም። ሦስት ቅዳሜ አለፈ።

የሰበታው ፍጻሜ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ደረሰ። በአየር ጤና ዞረን ስንገባ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። የሰበታ ጥቁር አፈር ሲርስ ጫማ ይዞ አይለቅም፤ ሜዳው ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የተተከለ ይመስላል። በሚኒባሱ ጭኖ ያመጣን ራሱ ሹፌሩ ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ስድስት ዓመት በተቀመጥኩበት ቦታ፣ ዣንጥላ ይዞ ተቀመጠ። እኔ ጓንቴን አጥብቄ በሩ መሐል ቆምኩ።

የመጀመሪያው ጎል የገባው ገና ሳንሞቅ ነው። የተላጨው አጥቂያቸው ከሩቅ መታት፤ እየተንከባለለች፣ ጭቃው እየያዛት፣ በቀኜ በኩል መጣች። መውደቅ ነበረብኝ። ማን ለእንዲህ ያለች ኳስ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። በእግሬ ሥር አለፈች። ሁለተኛው ከማዕዘን ምት በጭንቅላት ነው፤ በያጁ ይይዘዋል ብዬ መስመሬ ላይ ቆሜ አየሁት። በያጁ ደግሞ በረኛው ይወጣል ብሎ ቆሞ አየው። ሁለት ባለ ድሎች ተያየን።

በእረፍት ሰዓት በላስቲክ ዳስ ሥር ተሰበሰብን። ሙዝ ይታደላል፤ ሁሉም ይልጣል እንጂ የሚበላ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ስለ ዳኛው አድልዎ ጀመረ። አሰልጣኙ አልሰሙትም። እኔን እያዩ ነበር፤ ከግንባሬ እስከ ጉልበቴ፣ ቀስ ብለው።

«ሁለት ጎል ገብቶብሃል» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው። ማሊያህ ላይ አንዲት ጭቃ የለችም።»

ወደ ደረቴ አየሁ። በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ ጭቃ ናቸው። እኔ ለፎቶ እንደተዘጋጀ ሰው ጥርት ብያለሁ። ስለ ጥጋብ አንድ ሺህ ገጽ ያነበብኩ፣ በያጁን በተረከዙ፣ ሊቀመንበሩን በመስኮቱ የከሰስኩ ሰው፣ ማስረጃውን እኔው ለብሼው ቆሜያለሁ።

«ጋሼ፣ እኔ አላጠብኩም» አልኩ።

«ምኑን?»

«ከረጢቱን። አጣቢዋ ናት። ኮሌታው ላይ ያለው እድፍ አመድ ነው፤ እኔ ነኝ አድርጊው ያልኳት። ሹፌሩ ግን የእውነት በእጁ ነው ያጠበው። ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ አውቅ ነበር።»

ዝናቡ ላስቲኩን ይደበድባል። በያጁ የሙዙን ልጣጭ አጣጥፎ አጣጥፎ፣ «የእኔንም እሷ ናት» አለ። ከወንድማማቾቹ አንዱ እጁን አነሳ፤ ሌላው የወንድሙን እጅ አይቶ የራሱን አነሳ። ሊቀመንበሩ መጨረሻ ላይ፣ «እኔ የመጀመሪያው ነበርኩ» አለ። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት የሰማሁ መሰለኝ።

አሰልጣኙ ይቆጣሉ ብለን ጠበቅን። በዚያች ደቂቃ ያረጁ መሰሉኝ። «እንግዲህ ያገድኩት የሚችለውን ነው» አሉ ለራሳቸው። «እድፍ ሲያይ የሚደሰት ሽማግሌ።» ከዚያ ጣታቸውን አንስተው ቆጠሩን። «በሕጉ ብሄድ ስድስት ሰው ይቀረኛል። ሕጉ ቡራዩ ይጠብቀን።»

ዣንጥላ ወደያዘው ሰው ሄዱና ፊቱ ቆሙ። «አጥፍቻለሁ» አሉት። «ትገባለህ?»

ሹፌሩ ዣንጥላውን አጥፎ ለእሳቸው ሰጣቸው። ወደ እኔ መጣ። ማሊያዬን አውልቄ ሰጠሁት፤ ሲለብሰው ትንሽ ቆም አለ።

«ንጹህ ነው» አለ። «ደግሞ ሞቋል። እንቅልፍ ላይ ነበርክ እንዴ?»

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«እሱ በኋላ። አሁን ጓንቱን ስጠኝ።»

ሁለተኛውን አጋማሽ ዣንጥላ ሥር ከአሰልጣኙ ጎን ቆሜ አየሁ። ሹፌሩ በመጀመሪያው ኳስ በደረቱ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ሲነሳ ቁጥሩ አይታይም ነበር። የተላጨው ሰውዬ ሦስት ጊዜ ብቻውን ደረሰበት፣ ሦስቱንም ተመለሰ። በያጁ እንኳ ሮጠ፤ እኔ እንዳየሁት በሁለቱም እግሩ። አንድ አገባን፤ ሁለተኛውን ቋሚው መለሰብን። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ዋንጫው ሰበታ ቀረ። የሰበታ ሰዎች ሲጨፍሩ አየሁና ከመካከላቸው አንዱ በመኪና መስኮት መውጣት እስኪጀምር ጠበቅሁ። ብዙ አልቆየም።

ሚኒባሱ አጠገብ ጥያቄው መጣ፤ ዛሬ መጨረሻ የደረሰው ማነው? ሁላችንም እንተያያለን። አሰልጣኙ ከረጢቱን አነሱ። «እኔ ነኝ» አሉ። ጠዋት ከሚኒባሱ ከሁላችን ቀድመው የወረዱት እሳቸው ነበሩ። ማንም አልተከራከራቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአራተኛው ቅዳሜ ማለት ነው፣ ወደ ሹፌሩ ቤት ሄድኩ። ምን እንደምል መንገድ ላይ አቀናብሬ ነበር፤ ረጅም ነበር፣ መግቢያና መደምደሚያ ያለው። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ለመግፋት እጄን ስዘረጋ ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ።

«እንደሱ አይደለም፣ ጋሼ። መጀመሪያ ይዘፍዝፉት። ኮሌታውን ለብቻው። ጉልበት አይፈልግም።»

«ሳሙናው አልበዛም?»

«አልበዛም።»

«ቶሌ፣ እሺ።»

አሰልጣኙ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊታቸው ትልቅ ሳፋ። ሹፌሩ ከበላያቸው ቆሞ ያያል። ገመዱ ላይ ሁለት የተማሪ ዩኒፎርም ተሰቅሏል። ሽማግሌው አንዱን ኮሌታ አሽተው፣ ወደ ብርሃን አንስተው፣ አልጠራ ሲላቸው መልሰው ውኃው ውስጥ ከተቱት።

እኔ እኔ ነኝና አልገባሁም። በበሩ ክፍተት ቆሜ የእውነት እያሹ መሆናቸውን፣ ሹፌሩ ፊቱን ሲያዞር እጃቸው ያርፍ እንደሆነ ማየት ያዝኩ። ሹፌሩ ውኃ ሊያመጣ ወደ ጓሮ ዞረ። እጃቸው አላረፈም።

«ታዛቢ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። ጫማዬን በበሩ ሥር አይተውት ይሆናል። «ምን አየህ?»

ያቀናበርኩት ሁሉ ጠፋኝ። «ብብቱ ላይ ሳሙና ቀርቷል፣ ጋሼ» አልኩ።

ገልብጠው አዩት። ቀርቷል። መልሰው ነከሩት።

ሹፌሩ ባልዲውን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ አገኘኝ። ሌላ በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገልኝና ከክምሩ ሥር አንድ ማሊያ መዞ እግሬ ሥር ጣለው። የበረኛው ነበር። ደረቱ ላይ የሰበታ ጭቃ ድርቅ ብሏል። እጅጌዬን ሰብስቤ ዘፈዘፍኩት።